ሦስተኛው ማነው?
(ስለ ሞተር ብስክሌት መድን አመራረጥ የቀረበ ጥናት)

በ11ኛ ክፍል ተማሪ



የምንኖርባት ሰፈር ሳንሱሲ ትባላለች። «ሳን ሱሲ» በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው። የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክም ከ1745 እስከ 1747 እ.ኤ.አ. በፖትስዳም ከተማ ያሠራውን የዕረፍት ቤተ መንግሥት በዚሁ ስም ጠርቶታል። ይሁን እንጂ በእኛዋ ሳንሱሲ በአምቦ መንገድ የሚመላለስ ሰው ያለ ሐሳብ ሊሄድ አይችልም። ከምዕራብ አገር የሚገባው አውቶቡስና የጭነት መኪና በዚያ ያልፋል፤ እግረኛው በዚያ ይሻገራል፤ ሞተር ብስክሌቱም በሁሉ መካከል እየተሹለከለከ ይሮጣል። አደጋ እንዳይደርስ መጠንቀቅ የእያንዳንዳችን ፈንታ ነው። አደጋው ከደረሰ በኋላ ግን ቤት እንዳይፈርስ አስቀድሞ ማሰብ ሌላ ትምህርት ነውና በዚህ ጽሑፍ ስለዚያ የተማርሁትን አቀርባለሁ።

ነገሩን ያጠናሁት ከመጽሐፍ ፍቅር ብቻ ተነሥቼ ሳይሆን በቤታችን ከደረሰው የተነሣ ነው። የእናቴ ወንድም፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ከመርካቶ ዕቃ እየተቀበሉ በሞተር ብስክሌት ለየሱቁ በማድረስ የሚተዳደሩ ሰው ናቸው። በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. አንድ ቀን ዝናብ እየጣለ ወደ ቤት ሲመለሱ አንድ ሽማግሌ መንገዱን ለማቋረጥ በድንገት ገቡባቸው። ጋሼ ፍሬን ሲይዙ ሞተሩ በጭቃው ላይ ተንሸራተተና ሽማግሌውን ገጭቶ ጣላቸው፤ እሳቸውም ከነሞተራቸው ወደቁ። የሽማግሌው ቁርጭምጭሚት፣ የጋሼም የጭን አጥንት ተሰበረ። የሞተሩ መሪና የፊት ጎማ ተጣመመ።

ሆስፒታል ደርሰን ስናለቅስ ጋሼ ሥቃያቸውን ችለው፣ «አይዟችሁ፣ ኢንሹራንስ አለኝ» አሉን። እኛም በዚህ ቃል ተጽናናን። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን የሽማግሌው ሕክምና በመድኑ እንደሚከፈል፣ ለጋሼ ግን ከመጀመሪያው ቀን አስቸኳይ ዕርዳታ በቀር ለቀዶ ሕክምናቸውም ሆነ ለሞተራቸው አንድ ብር እንደማይገኝ ተነገረን። በቤቱ ቁጣ ሆነ። «ሲቀበሉ ወዳጅ፣ ሲከፍሉ ባዕድ» ያለም ነበር። እኔም «የሕግ አማርኛ ይገባዋል» ተብዬ ወረቀቱን እንዳነብ ታዘዝሁ። ከላይ በትልቁ «የሦስተኛ ወገን መድን» ይላል። ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ያን ጊዜ አያቴ ከመደባቸው ቀና ብለው፣

«ሦስተኛው ማነው? አንደኛውና ሁለተኛውስ የት ሄዱ?» ብለው ጠየቁ።

መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ጋሼም ለሦስት ዓመት ገንዘቡን ሲከፍሉ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀው እንደማያውቁ አመኑ። እናቴ የእቁብ ዕጣዋን አውጥታ ለሕክምናው ከፈለች። ያ ገንዘብ ታላቅ እህቴ ኮሌጅ ልትመዘገብበት የተቀመጠ ስለ ነበር እህቴ አንድ ዓመት ቤት ዋለች። ጋሼም አራት ወር ያለ ሥራ ተኙ። ስለዚህ ጋሼ ድነው መድኑን የሚያድሱበት ጊዜ ሲደርስ፣ ከእሳቸው ጋር በሦስት የመድን ድርጅቶች ቢሮ እየዞርሁ ጠየቅሁ፤ አዋጁንና የንግድ ሕጉንም አነበብሁ። የአያቴም ጥያቄ የጥናቴ መነሻ ሆነ።

1. መድን ማለት ምን ማለት ነው?

ዕድር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። መቶ ቤተ ሰብ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ያዋጣል፤ ሐዘን የደረሰበት ቤት ከተዋጣው ይረዳል። በዚያ ዓመት ሐዘን ያልደረሰበት ቤት ገንዘቤ ባከነ አይልም፤ ደኅና መክረሙን እንደ ትርፍ ይቆጥረዋል። መድንም እንዲሁ ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ዕድር ልንለው እንችላለን። መዋጮው ዓረቦን፣ ዕድርተኛው መድን ገቢ፣ ገንዘቡን ሰብስቦ የሚጠብቀውና ጉዳት ሲደርስ የሚከፍለው ድርጅት መድን ሰጪ ይባላል።

ነገር ግን አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። ዕድርተኛ ጎረቤት ነውና ችግራችንን አይቶ ከደንቡ በላይ ሊያዝንልን ይችላል። መድን ሰጪ ግን የሚከፍለው በውሉ የተጻፈውን ያህል ነው፤ ያልተጻፈውን በልመናም በቁጣም አናገኘውም። ስለዚህ በመድን ነገር ማዘን ያለብን አደጋው ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ከመፈረማችን በፊት ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው እንዳይሆንብን።

መድን ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የውጭ አገር ኩባንያን ወክሎ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ እንደ ነበር ይታወቃል። የመድን ውል የሚመራበት ዝርዝር ደንብ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ተጻፈ። በ1967 ዓ.ም. 13 የግል የመድን ኩባንያዎች ተወረሱ፤ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሥራ ጀመረ። ከ1986 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ ደግሞ የግል ድርጅቶች እንደ ገና ተፈቅደው ዛሬ ብዙዎች በገበያው ውስጥ ይገኛሉ። የድርጅቶቹ መብዛት ለገዢው ይጠቅማል፤ ይኸውም ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ ዋጋንም ውልንም ለማነጻጸር የሚችል ከሆነ ነው።

2. ሦስተኛው ማነው?

አሁን ወደ አያቴ ጥያቄ እንመለስ። በመድን ውል አንደኛው ወገን መድን ገቢው፣ ሁለተኛው ወገን መድን ሰጪው ነው። ሦስተኛው ወገን በውሉ ላይ ያልፈረመ፣ ነገር ግን በሞተሩ ምክንያት የሚጎዳ ሌላ ሰው ነው። በአምቦ መንገድ የተሻገሩት ሽማግሌ ሦስተኛው ወገን ነበሩ። ጋሼ ግን መሪውን የያዙት ራሳቸው ናቸውና ሦስተኛ ወገን ሊሆኑ አይችሉም።

ይህን መድን ሕግ የሚያስገድደው ለባለ ሞተሩ ብሎ ሳይሆን ለተጎጂው ብሎ ነው። እንግሊዝ አገር በ1930 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የመንገድ ትራፊክ ሕግ ማንኛውም ባለ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ አስገድዳለች። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 559/2000 ይህንኑ ደነገገ፤ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ። ድሀ ባለ ሞተር ሰው ቢያቆስል ተጎጂው «የለኝም» የሚል መልስ ብቻ ይዞ እንዳይቀር ነው። የገጨው ተሽከርካሪ ቢያመልጥና ባይታወቅ ወይም መድን የሌለው ቢሆን እንኳ ተጎጂው ባዶ እጁን እንዳይቀር የመድን ፈንድ የሚባል መጠባበቂያ ተቋቁሟል።

እንግዲህ ጋሼ በየዓመቱ ይከፍሉት የነበረው ገንዘብ ከንቱ አልነበረም። እሳቸው ጉዳት ያደረሱባቸው ሽማግሌ ታክመውበታል፤ እኛም በዚያ ልንደሰት ይገባን ነበር እንጂ ልንቆጣ አይገባንም ነበር። ስሕተታችን የሌላውን ሰው ጋሻ የራሳችን ጋሻ ነው ብለን ማመናችን ነው።

በዚህም ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2081ኛው ቁጥር፣ የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይናገራል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ አይድንም። የሚድነው ተሽከርካሪው በዚያ ጊዜ የተሰረቀ እንደ ነበር ካስረዳ ነው። ስለዚህ «ለጓደኛዬ ለአንድ ሰዓት አዋስሁት» የሚል ሰው ያዋሰው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ጭምር መሆኑን ይወቅ።

ደግሞም የግዴታው መድን ጣራ አለው። የ2005ቱ አዋጅ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ወይም የአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና ደግሞ እስከ 2,000 ብር ነበር። ገንዘብ እየረከሰ ሲሄድ እንዲህ ያለው ልክ የሚሻሻል ነውና አንባቢ የቀድሞውን ቁጥር በቃሉ ከመያዝ ይልቅ መድኑን በሚያድስበት ቀን የጸናውን ልክ ይጠይቅ። ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የተጎጂው ጉዳት ከጣራው ቢበልጥ ትርፉ ከባለ ሞተሩ ኪስ ይጠየቃል።

3. የሽፋን ዓይነቶች

በየቢሮው ስንጠይቅ ስሙ ጥቂት ጥቂት ቢለያይም የሚሸጠው መድን ከዚህ እንደሚከተለው ሊከፈል እንደሚችል ተረዳሁ።

ሀ) የግዴታ የሦስተኛ ወገን መድን፤ ከላይ የተናገርሁት ነው። ያለ እርሱ በመንገድ ላይ መውጣት በሕግ ያስቀጣል።

ለ) ተጨማሪ የሦስተኛ ወገን መድን፤ የግዴታውን ጣራ ከፍ የሚያደርግ ነው። በውድ መኪና በሚሞላ ከተማ ለሚነዳ ሰው የሚጠቅም ነው።

ሐ) የእሳትና የስርቆት መድን፤ ሞተሩ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ የሚከፍል ነው። ብዙ ጊዜ የሚመለከተው ሞተሩ በሙሉ ሲሰረቅ እንጂ መስተዋት ወይም ባትሪ ብቻ ሲወሰድ አይደለምና ይህን ለይቶ መጠየቅ ይገባል።

መ) ሙሉ ሽፋን የሚባለው መድን፤ እሳትንና ስርቆትን ጨምሮ በግጭትና በመገልበጥ በሞተሩ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ይከፍላል። ዓረቦኑም ከሁሉ የከበደ ነው። «ሙሉ» የሚለው ስም ግን ሊያታልለን አይገባም። የጎማ ማለቅ፣ የሞተሩ በእርጅና መበላሸት፣ ጠጥቶ መንዳት፣ ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳት በተለመደው ውል ውስጥ አይገቡም። የነጂው ሰውነትም በውሉ ካልተጻፈ በቀር በዚህ «ሙሉ» ውስጥ የለም።

ሠ) የግል አደጋ መድን፤ ነጂው ራሱ ቢሞት ወይም አካሉ ቢጎድል የተወሰነ ገንዘብ፣ ለሕክምናውም እስከ ተወሰነ ልክ የሚከፍል ነው። ጋሼ ያልነበራቸው ይህ ነበር። በዚህ ላይ የተማርሁትን ትልቅ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ለማንኛውም ሰው የሚሸጥ የግል አደጋ መድን ብዙ ጊዜ ሞተር ብስክሌት ሲነዱ የሚደርሰውን ጉዳት አያካትትም። ስለዚህ ገዢው «በሞተር ብስክሌት ላይ ሳለሁ ለሚደርስብኝ ይጨምራል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱም በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ይጻፍለት። ከኋላ የሚቀመጠውም ሰው እንዲሁ በስሙ ወይም በቁጥር መጻፉ ይታይ።

ተቀጥሮ የሚነዳ ሰው ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪውን ኃላፊ እንደሚያደርግ ይወቅ። ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት አሠሪውን «ለእኔስ ምን መድን ገብተሃል?» ብሎ ቢጠይቅ ድፍረት አይባልበትም።

4. እንዴት እንምረጥ?

በቢሮዎቹ ስንዞር ጋሼ በመጀመሪያ የሚጠይቁት «ከሁሉ የሚረክሰው የቱ ነው?» የሚል ነበር። በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ማስቀደም እንዳለብን ተረዳን፤ ይኸውም «ቤታችን ያለ ብድር ሊያነሣው የማይችለው ጉዳት የቱ ነው?» የሚል ነው። መድን ለዚያ ጉዳት ይገዛ፤ ትንሹን ጉዳት ሰው በቁጠባው ይቻለው። የተሰበረ መስተዋት የሚያስተክል ገንዘብ ያለው ሰው ለመስተዋት መድን አያስፈልገውም። የተሰበረ እግር የሚያሳክም ገንዘብ የሌለው ሰው ግን ለእግሩ መድን ያስፈልገዋል።

ይህን መመዘኛ በሦስት ሰዎች ላይ እንመልከተው።

የመጀመሪያው በራሱ አሮጌ ሞተር ወደ ሥራው የሚመላለስ መምህር ነው እንበል። ሞተሩ ቢጠፋ በታክሲ ሄዶ ደመወዙን ያገኛል። ለእርሱ የግዴታው መድንና የግል አደጋ መድን ሊበቁት ይችላሉ። ለአሮጌ ሞተር ከባድ ዓረቦን ከመክፈል ያንኑ ገንዘብ ቢያጠራቅም ይሻለዋል።

ሁለተኛው በብድር አዲስ ሞተር የገዛ ነጋዴ ነው። ሞተሩ ቢሰረቅ ዕዳው አብሮ አይሰረቅም፤ ሞተር የሌለው ባለ ዕዳ ይሆናል። አበዳሪውም ብዙ ጊዜ ሙሉ ሽፋን እንዲገባ ያስገድደዋል። ለዚህ ሰው ሙሉ ሽፋን ከነዓረቦኑ ክብደት የሚገባ ነው።

ሦስተኛው እንደ ጋሼ ያለ ሰው ነው። ሞተሩ ዕዳ የለበትም፤ ዋጋውም መካከለኛ ነው። ነገር ግን እንጀራው ያለው በሞተሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በሁለት እግሩና በሁለት እጁ ላይ ነው። ሞተሩ በሁለት ሳምንት ተጠግኖ ነበር፤ እግራቸው ግን አራት ወር ወሰደ። የመኪና ነጂ ብረት ከብቦት ይሄዳል፤ የሞተር ነጂ ግን በብረቱ ላይ ተቀምጦ ይሄዳልና የመጀመሪያውን ምት የሚቀበለው የገዛ ሰውነቱ ነው። ስለዚህ በሞተር ብስክሌት ነገር ከብረቱ አስቀድሞ ለሰውየው ማሰብ ይገባል።

በዚሁ ላይ የራስ ቁርን ወይም ሄልሜትን አለመጥቀስ ስሕተት ይሆናል። በብዙ አገሮች የተደረጉ ምርመራዎችን ሰብስቦ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ የራስ ቁር በአደጋ ጊዜ የነጂውን የሞት አደጋ በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንድ ጊዜ ተገዝቶ ብዙ ዓመት የሚያገለግል መድን ቢኖር እርሱ ነው።

5. ጥቂት ሒሳብ

ሙሉ ሽፋን ወይም የስርቆት መድን የሚገባ ሰው የሞተሩን ዋጋ ያስመዘግባል። ዓረቦኑ በዚያ ዋጋ ስለሚሰላ ብዙ ሰው ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ይህ የሚያስከትለውን በምሳሌ እናስላው።

የአንድ ሞተር የገበያ ዋጋ 160,000 ብር ነው እንበል። ባለቤቱ 80,000 ብር ብሎ አስመዘገበው፤ ይህም የዋጋው ግማሽ ነው። አደጋ ደርሶ ጥገናው 40,000 ብር ቢጠይቅ ባለቤቱ «ከ80,000 ብር በታች ነውና ሙሉውን አገኛለሁ» ብሎ ያስባል። መድን ሰጪው ግን ግማሹን መድን ስለ ገባ የጉዳቱንም ግማሽ፣ ማለት 20,000 ብር ብቻ ያሰላል። ከዚያም ላይ በውሉ መሠረት ባለቤቱ ራሱ የሚችለው ተቀናሽ ይነሣል። ተቀናሹ 2,000 ብር ቢሆን የሚደርሰው 18,000 ብር ነው፤ የቀረውን 22,000 ብር ከኪሱ ይጨምራል።

በተቃራኒው ያንኑ ሞተር በ250,000 ብር ቢያስመዘግበውና ቢሰረቅበት ትርፍ አያገኝም። የንብረት መድን የጠፋውን ለመተካት እንጂ ለማትረፍ ስላልሆነ ክፍያው ከንብረቱ ዋጋ አይበልጥም። ትርፍ የከፈለው ዓረቦን ግን ሄደ ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ዋጋው የእውነተኛው ገበያ ዋጋ ይሁን፤ ዋጋ ከዓመት ዓመት ስለሚለወጥም በየእድሳቱ ይታረም። ሁለተኛ፣ ተቀናሹ ስንት እንደ ሆነ ሳይጠየቅ አይፈረም። ተቀናሹ 5,000 ብር የሆነበት ሰው የ3,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት ምንም አያገኝም። ዓረቦኑ የረከሰ የሚመስል ውል ብዙ ጊዜ ተቀናሹ የከበደ ሆኖ ይገኛል። ደግሞም ዓመቱን ያለ ጉዳት ጥያቄ ለፈጸመ ሰው በእድሳት ጊዜ ቅናሽ የሚያደርጉ ድርጅቶች አሉና ይህንም መጠየቅ ነው።

6. በቅጹ ላይ እውነት ስለ መጻፍ

የመድን ቅጽ ብዙ ጥያቄ አለው፤ ማን ይነዳል? ለምን ሥራ? የት ያድራል? ቀድሞ አደጋ ደርሶበታል ወይ? ሰው ዓረቦን እንዳይጨመርበት ፈርቶ «ለግል መመላለሻ» ብሎ ይጽፍና በማግሥቱ ዕቃ ወይም ሰው በኪራይ ይጭንበታል። በንግድ ሕጋችን መሠረት አውቆ የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ያን ጊዜ ዓረቦኑን ከፍሎ መድን የሌለው ሰው ይሆናል። ከዚህ የሚብስ ኪሣራ ምን አለ?

በከተማችን ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ የሌለው ሞተር ብስክሌት እንዳይንቀሳቀስ ታግዶ እንደ ነበር እናስታውሳለን። የፈቃዱ ወረቀት፣ የሊብሬው፣ የመንጃ ፈቃዱ ዓይነትና የመድኑ ወረቀት ሁሉም ስለ ሞተሩ ሥራ አንድ ነገር መናገር አለባቸው። አንዱ «የግል»፣ ሌላው «የንግድ» የሚል ከሆነ ክርክሩ የሚነሣው በአደጋው ቀን ነው። ሁለተኛ እጅ ሞተር የገዛም ሰው የሊብሬው ስም እንደ ዞረ ሁሉ የመድኑም ስም መዞሩን ያረጋግጥ።

7. አደጋ በደረሰ ጊዜ

ከሁሉ አስቀድሞ የተጎዳውን መርዳት ነው። ቀጥሎ ለትራፊክ ፖሊስ ማስታወቅ፤ ፖሊስ ሳይመጣም ሞተሩን ከቦታው አለማንሣት ይገባል። ብዙ ሰው በድንጋጤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ በመንገድ ላይ ይስማማል፤ ይህ ደግነት ቢመስልም በብዙ ውሎች መድን ሰጪው ሳይፈቅድ እንዲህ ያለ ስምምነት ማድረግ ተከልክሏል። ለተጎጂው ማዘን አንድ ነገር ነው፤ በውል መታሰር ሌላ ነገር ነው።

አደጋው ለመድን ሰጪው ወዲያው፣ ቢዘገይ በአምስት ቀን ውስጥ መነገር እንዳለበት የንግድ ሕጉ ያዝዛል። ነጂው ቆስሎ ቢተኛ ቤተ ሰቡ ያስታውቅለት፤ በጽሑፍም ይሁን፤ ግልባጩም ይቀመጥ። የፖሊሱ ሪፖርት፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የየክፍያው ደረሰኝ፣ የጋራዡ የዋጋ ማቅረቢያ በአንድ ፖስታ ይጠራቀሙ። ከመድን ውል የሚነሣ ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ የሚታገድ ስለ ሆነ «ዛሬ ነገ» እያሉ ማዘግየት መብትን ያስቀራል።

መደምደሚያ

ጋሼ ባለፈው ኅዳር ሞተራቸውን አስጠግነው መድናቸውን ሲያድሱ ሙሉ ሽፋን ለመግባት አቅማቸው አልፈቀደም። ስለዚህ በመመዘኛችን መሠረት መረጡ። የግዴታውን የሦስተኛ ወገን መድን አደሱ፤ ጣራውን ከፍ የሚያደርግ ተጨማሪ ገቡ፤ በሞተር ብስክሌት ላይ ሳሉ የሚደርስባቸውን የሚጨምር የግል አደጋ መድንም ገዙ። ለሞተሩ ጥገና ግን መድን አልገቡም፤ በእርሱ ፋንታ ከየሳምንቱ ገቢያቸው ጥቂት ለብቻ ማስቀመጥ ጀመሩ። ሞተሩ ቢሰረቅ ጉዳቱ የእሳቸው እንደ ሆነ ያውቃሉ፤ ግን ዛሬ የሚያውቁት አስቀድመው ነው። አዲስ የራስ ቁርም ገዝተዋል። እህቴም በዚህ ዓመት ተመዝግባ ትምህርቷን ጀምራለች።

ወረቀቱን ይዘን ወደ ቤት ስንመለስ ቃል በቃል አነበብሁት። አያቴ እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «እንግዲህ አንደኛውም ተገኘ» አሉ።

ወንድሞቼና እህቶቼ የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ሆይ፤ ብዙዎቻችን ነገ ሞተር ወይም መኪና እንነዳለን፤ ዛሬም አባቶቻችን፣ ወንድሞቻችን፣ አጎቶቻችን ይነዳሉ። የተማርነውን ንባብ ለፈተና ብቻ አናውለው። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ በቤቱ የመድን ወረቀት ካለ አውጡትና ለቤተ ሰባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ከዚያም አያቴ የጠየቁትን ጠይቁ። ሦስተኛው ማነው? እኛስ ከየትኛው ቁጥር ውስጥ ነን? መልሱ ደስ ባያሰኝም አደጋ ሳይደርስ ማወቁ ይሻላል። ወላጆችም ልጆቻችሁ ሲጠይቁ አትቆጡ፤ ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነውና።